በአልድወርዝ መንደር ያለው የሕዝብ ቤት

ወደ እንግሊዝ አገር ለትምህርትም ሆነ ለሥራ የሚጓዙ ወዳጆቼ ከመነሣታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ያቀርቡልኛል። «እዚያ ስደርስ ምን ልይ?» ይሉኛል። ከእኔ የሚጠበቀው መልስ የታወቀ ነው። ተውኔት ጸሐፊ ነኝና የሼክስፒርን የትውልድ ከተማ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር የቆመውን የግሎብ ቴአትር ወይም የብሪቲሽ ሙዚየምን እንድጠራ ይጠብቃሉ። እነዚህንማ ማንኛውም መንገደኛ ሳይነገረው ያገኛቸዋል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። ከለንደን በስተ ምዕራብ፣ በበርክሻየር ግዛት፣ አልድወርዝ በምትባል አነስተኛ መንደር ውስጥ «ዘ ቤል»፣ ማለትም «ደወሉ»፣ የሚባል አንድ መጠጥ ቤት አለ። እዚያ ሂዱ፤ ምሳችሁን ብሉ፤ አንድ ብርጭቆ ጠጡ፤ ከሁሉም በላይ ግን ተቀመጡና አዳምጡ እላቸዋለሁ።

ስለ ኪነ ጥበብ በሚነገርበት ገጽ ላይ የመጠጥ ቤት ወሬ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አልፈርድበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም እንደዚያው ባልኩ ነበር። በተለይ እኔ። ለምን «በተለይ እኔ» እንዳልኩ ለማስረዳት ግን ከእንግሊዝ በፊት ከራሴ ቤት መጀመር ይኖርብኛል።

እናቴ ጠላ ጠማቂ ነበረች። በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከአንዲት ጠባብ መንገድ ዳር በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን፣ የፊተኛው ክፍል የጠጪዎች፣ የኋለኛው የእኛ ነበር። በደጃፋችን በቆመው ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ሲደፋ ጠላው መድረሱ ይታወቃል፤ ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሳፈርኩበት የአውቶቡስ ዋጋም የወጣው ከዚያ ጣሳ ሥር ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ በተሰጠኝ ቅጽ ላይ «የእናት ሥራ» የሚል መስመር ነበረበት። «የቤት እመቤት» ብዬ ሞላሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አልጠየቀኝም። እጄ ራሱ ጻፈው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ለመድረክ የበቃው የመጀመሪያው ተውኔቴ አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረችበት። ሒሳብ የምታጭበረብር፣ ወሬ የምታመላልስ፣ ሰካራምን እያባበለች ኪሱን የምታራግፍ ሴት አድርጌ ሣልኳት። ተመልካቹ በሣቅ ፈነዳ፤ ወጣቱ ጸሐፊ «የኅብረተሰቡን ጎጂ ልማድ አጋለጠ» ተብሎ ተመሰገነ። እናቴ ያን ተውኔት ለማየት ከደብረ ማርቆስ መጥታ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ሲያበቃ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ልጄ፣ ሴትዮዋ እኮ ጠላ አቀዳድ አታውቅም» አለችኝ። ሌላ አንዳች ቃል አልጨመረችም። ይህን አስተያየት እንደ ቀልድ አድርጌ ለጓደኞቼ ስተርክ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

* * *

እንግሊዝ አገር የሄድኩት በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 መጸው፣ ለአጭር የቴአትር ሥልጠና ነው። የተቀመጥኩት በሬዲንግ ከተማ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ብርድ አንገፍግፎኝ፣ ስሙን አሁን ወደማላስታውሰው አንድ መጠጥ ቤት ገባሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አስተናጋጅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ከእኔ በኋላ የገቡ ሰዎች ብርጭቋቸውን ጨብጠው ሲስቁ እመለከታለሁ፤ ወደ እኔ ግን ዞር የሚል የለም። ጥቁር በመሆኔ የተናቅሁ መሰለኝና በልቤ ክስ ማሰናዳት ጀመርኩ። በመጨረሻ አጠገቤ የተቀመጠች አሮጊት ጎንበስ ብላ፣ እዚህ አገር ሰው መጠጡን ራሱ ከባንኮኒው ሄዶ እንደሚያዝ፣ ሒሳቡንም እዚያው እንደሚከፍል በትሕትና ነገረችኝ። ጥፋቱ የእኔ አለማወቅ ነበር። ያን ቀን ያሰናዳሁትን ክስ ውጬ ቀረሁ፤ የአገሩን ሥርዓት ለመማር ግን ቆረጥኩ።

ሥርዓቱ ደግሞ አለ። በባንኮኒው ፊት ሰልፍ የሚባል ነገር አይታይም፤ ሰዉ ተበታትኖ ይቆማል። ይሁንና ማን ከማን በፊት እንደመጣ ቀጂውም ጠጪውም ያውቀዋል፤ ያልደረሰው ሰው «ከእኔ በፊት እሱ ነበር» ብሎ ሌላውን ያስቀድማል። ጓደኛሞች ሲሆኑ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፤ ያ ሲያልቅ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው ይቀጥላል። የደረሰው ዙር አልታየኝም ብሎ የሚያፈገፍግ ሰው ስሙ ቶሎ ይጠፋል። ከባለቤቱ ወይም ከቀጂዋ ጋር የተግባባ ደንበኛ ጉርሻ በመስጠት ፈንታ «ለራስሽም አንድ ጨምሪ» ይላል። ከእኛ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ግብግብ ጋር ሲነጻጸር ጸጥ ያለ ነው እንጂ፣ ቁም ነገሩ አንድ ነው። ማንም ሌላውን ሳያጎድል፣ ማንም ሳይጎድልበት አብሮ መቆየት።

«ፐብ» የሚለው አጭር ስም የወጣው «ፐብሊክ ሃውስ» ከሚለው ነው፤ የሕዝብ ቤት ማለት ነው። ስሙ ዝም ብሎ የተሰጠ አይደለም። ነገሩ የጀመረው ከእውነተኛ ቤት፣ ከጓዳ ነውና። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ ገጠር «ኤል» የተባለውን መጠጥ ይጠምቁ የነበሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ለቤተሰቧ የጠመቀች ሴት የተረፋትን ለጎረቤት ትሸጣለች። ጠመቃው ሲደርስ በደጃፏ ላይ ረጅም እንጨት ታወጣና ጫፉ ላይ የቅጠል ችፍርግ ታስርበታለች። ያን ጊዜ ሹም ሆኖ የተመረጠ ቀማሽ መጥቶ መጠጡ ጥሩ መሆኑን፣ መስፈሪያውም አለመጉደሉን ይመረምራል። ይህን ቀማሽነት ከያዙት ሰዎች መካከል አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1556 በስትራትፎርድ ከተማ የተሾመው ጆን ሼክስፒር፣ የታላቁ ተውኔት ጸሐፊ አባት ነው።

ስለዚህ እንጨትና ስለዚያ ቅጠል በሥልጠናው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ በመስኮት ወደ ውጭ ማየቴ ትዝ ይለኛል። የእኛ ጣሳ ከዚያ ቅጠል በምን ይለያል?

ንባቤን ስቀጥል ሴቶቹ እንዴት ከሥራው እንደተገፉም ተረዳሁ። የጥንቱ ኤል ቶሎ ስለሚሆመጥጥ በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ መጠመቅ ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ለጓዳ ሥራ የተመቸ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት «ሆፕ» የሚባለው ተክል ከባሕር ማዶ መጥቶ ተስፋፋ። እኛ ጌሾ እንደምናደርገው እነሱም ለማምረርና ለማቆየት ሆፕ ጨመሩ። መጠጡ ብዙ ቀን መቆየት ሲችል በብዛት መጥመቅ፣ በጋሪ ጭኖ ሩቅ መሸጥ ተቻለ። ለዚያም ትልቅ ጋን፣ ትልቅ ቤት፣ ትልቅ ገንዘብ አስፈለገ። ገንዘቡ የነበረው በወንዶች እጅ ነበርና ሥራው ወደ እነሱ ዞረ። ከዚያ ወዲያ የጠማቂዋ ሴት ስም በግጥምና በቀልድ ውስጥ ብቻ ቀረ፤ ያውም የምታጭበረብር፣ የምታባብል፣ መስፈሪያ የምታጎድል ሴት ሆና። ይህን ሳነብ ከመቶ ዓመታት ማዶ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ተውኔቴን ያነበበልኝ መሰለኝ።

* * *

ወደ አልድወርዝ የሄድኩት መጠጥ ቤቱን ፍለጋ አልነበረም። በመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያን፣ በቅድስት ማርያም፣ ቅጥር ግቢ ውስጥ የባለቅኔው ሎረንስ ቢንየን አመድ ተበትኗል፤ ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይም አለ። ቢንየን እ.ኤ.አ. በ1914፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ለወደቁት ወታደሮች የጻፈው ግጥም እስከ ዛሬ በየዓመቱ በኅዳር የመታሰቢያ ቀን ይነበባል። አንድ ግጥም ከመቶ ዓመት በላይ በሕዝብ አፍ ሲኖር ለባለቅኔ ከዚህ የበለጠ ሐውልት የለምና መቃብሩን ለመሳለም ተነሣሁ።

ከሬዲንግ ባቡር ይዤ ጎሪንግ ወረድኩ። የቴምዝን ድልድይ ተሻግሬ ስትሪትሊ ከምትባለው መንደር ዳገቱን በእግሬ ያዝኩት። የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ነው፤ አፈሩ ነጣ ያለ፣ ቁጥቋጦው በእሾሃማ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ፍሬ ያንጠለጠለ። በአካባቢው ሪጅዌይ የሚባል፣ ከብሪታንያ መንገዶች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ነው የሚባልለት የእግር መንገድ ያልፋል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጓዝኩ በኋላ መንደሪቱ ደረስኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በ14ኛው መቶ ዓመት ከድንጋይ የተቀረጹ ዘጠኝ ምስሎች ተጋድመዋል፤ የአንድ ባላባት ቤተሰብ፣ የዴ ላ ቤሽ ጎሣ፣ ምስሎች ናቸው። ከመጠን በላይ በመግዘፋቸው ሕዝቡ «የአልድወርዝ ግዙፎች» ይላቸዋል። አፍንጫቸው ተቆርጧል፤ እግራቸው ጎሏል። ኃያላኑ ተሰባብረው ተኝተዋል፤ የጎሣውም ስም ከድንጋዩ በቀር የት አለ?

የባለቅኔውን መታሰቢያ ካየሁ በኋላ ረሃብ ተሰማኝ። በመንደሪቱ መካከል፣ ጣሪያ ከተሠራለት ጥንታዊ የውኃ ጉድጓድ ፊት ለፊት፣ የደወል ሥዕል ያለበት ሰሌዳ የተሰቀለበት ቤት አየሁ። የሰሌዳው ነገር ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ የለንደን ኤል ሻጮች ሁሉ በደጃፋቸው ምልክት እንዲሰቅሉ አዘዘ፤ ቀማሹ ቤቱን በቀላሉ እንዲያገኘው ነው። ማንበብ የማይችለው ብዙ ነበርና ምልክቱ ሥዕል ሆነ። «ነጩ አጋዘን» የሚባሉት ቤቶች የዚያን ንጉሥ ዓርማ ያስታውሳሉ፤ «ንጉሣዊው ዋርካ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ስም ደግሞ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1651 ድል ሆኖ ሲሸሽ የተሸሸገበትን የኦክ ዛፍ ያወሳል። ደወል ግን የማንም ንጉሥ አይደለም። ደወል የሰፈር ነው፤ ሲደወል ሁሉም ይሰማዋል።

ቤቱ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ነው። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። ጣሪያው በጢስና በዘመን ብዛት ከማር ቀለም ወደ ቡና ቀለም ያደላ፣ ወፋፍራም ወራጅ የተጋደመበት ነው። በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ወንበር ተያይዟል፤ በምድጃው ውስጥ ግንድ ይነድዳል። አንድ እጅ ብቻ ያለው አሮጌ ሰዓት ግድግዳው ላይ ይሠራል። ደቂቃ አይቆጥርም። ባንኮኒ የሚባል ነገር የለም፤ በመስተዋት የተከፈለ ትንሽ መስኮት አለ፤ መጠጡም ምግቡም የሚታዘዘው፣ ሒሳቡም የሚከፈለው በዚያች መስኮት ነው። የወንዶች መጸዳጃ ከጓሮ፣ ከደጅ ነው። ሙዚቃ የለም። የቁማር ማሽን የለም። ይህን ቤት ከ250 ዓመታት በላይ ያስተዳደረው አንድ ቤተሰብ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ እስከዚህ ደርሷል።

ስለ ምግቡ ልንገራችሁ፤ ምክር ልሰጥ ብዬ ጀምሬአለሁና። የምግቡ ዝርዝር አጭር ነው። ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ ትኩስ ድቡልቡል ዳቦ ተሰንጥቆ ይሞላል፤ በሥጋ፣ በዓይብ ወይም በሌላ። ሾርባ አለ። ለማጣፈጫ እንደ እንፋሎት ዳቦ የበሰለ፣ ሽሮፕ የፈሰሰበት ኬክ አለ። እኔ የአሳማ ሥጋ ስለማልበላ ቸዳር የሚባለውን ጠንካራ ዓይብ ከቀይ ሽንኩርት ጋር አዘዝኩ፤ ሾርባም ጨመርኩ። ከዳቦው ላይ ቅቤው እየቀለጠ በጣቴ ሲወርድ የዳገቱን ድካም ረሳሁት። በሌሎች የገጠር ፐቦች «የአራሹ ምሳ» የሚባል ገበታ ታገኛላችሁ፤ ዳቦ፣ ዓይብ፣ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት ነው። ስሙ ከጥንት አራሾች የወረደ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ይህን ስም በ1950ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ያስፋፉት ዓይብ ለመሸጥ የተቋቋሙ ማስታወቂያ ሠሪዎች ናቸው። አራሹ ዳቦና ዓይብ ሲበላ መኖሩ ግን ሐሰት አይደለም። ስሙ አዲስ ቢሆንም ምግቡ የቆየ ነው፤ አንባቢ ሁለቱን ለይቶ ይያዝ።

መጠጡን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቀዘቀዘና የሚፈላ ቢራ የለመደ ሰው የእንግሊዝን ኤል በመጀመሪያው ጉንጭ «ለብ ያለ ነው» ይላል። ለብ ያለ አይደለም፤ የምድር ቤት ቅዝቃዜ ነው ያለው፣ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ። ይህ መጠጥ ከፋብሪካ ሲወጣ አልሞተም። እርሾው በበርሜሉ ውስጥ ሕያው ሆኖ ይመጣና በመጠጥ ቤቱ ምድር ቤት ሁለተኛ ጊዜ ይብላላል። ጋዝ አይጨመርበትም፤ በእጅ በሚሳብ ፓምፕ ይቀዳል። መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደጠራ፣ መቼ እንደደረሰ የሚወስነው የቤቱ ባለቤት ነው። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ በሦስት ቀን ገደማ ውስጥ ካላለቀ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ጥሩ ኤል የሚገኘው ጥሩ ጠጪ ባለበት ቤት ብቻ ነው፤ ሰው የማይመጣበት ቤት መጠጡም ይሆመጥጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ትልልቅ ጠማቂዎች ይህን አድካሚ ሥራ ትተው የተጣራና ጋዝ የተሞላ ቢራ በአገሩ ሁሉ ሲያዳርሱ፣ በ1971 ጠጪዎች ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው ተከራከሩ፤ ሕያው የሆነውንም መጠጥ ከመጥፋት አዳኑት። ሙሉው መስፈሪያ ፓይንት ይባላል፣ 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ መንገደኛ በግማሹ ቢጀምር ይበቃዋል። አልኮል የማይጠጣ ሰው የፖም ጭማቂ ይዞ እኩል ይቀመጣል፤ ማንም አይጠይቀውም።

* * *

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጫማቸው ጭቃ ይዟል፤ ውሻቸው ከእግራቸው ሥር ተኝቷል። ከሩቅ መጥቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አገሬን ነገርኳቸው። በአገሬ ምን እንደሚጠጣ ጠየቁኝ። ቡና ልል ነበር፤ ቡና ማንንም አያሳፍርም። ግን ምድጃው ይሁን ወይም በእጄ የነበረው ብርጭቆ፣ ምን እንዳደረገኝ እንጃ፣ ጠላ አልኳቸው። ከገብስ እንደሚጠመቅ፣ ጌሾ የሚባል ቅጠል እንደሚገባበት ነገርኳቸው። ማን ነው የሚጠምቀው አሉ። ሴቶች ናቸው፣ በየቤታቸው፣ አልኩ።

«እናትህም ትጠምቅ ነበር?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ጥያቄ በቀጥታ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በቅጽ ላይ ተጠይቄ ዋሽቻለሁ። በመድረክ ላይ ሳልጠየቅ ዋሽቻለሁ። «አዎን፣» አልኩ፤ «ያሳደገችኝ በዚያ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ሌሎቹ ዞር ብለው «የዚህ ሰው እናት ጠማቂ ናት» አሉ። የተናገሩት የሐኪምን ወይም የመሐንዲስን ስም እንደሚጠሩ ሆነው ነው። ሰዎቹ ወንበራቸውን አስጠግተው የጥያቄ መዓት አወረዱብኝ። ገብሱ ይቆላል ወይስ አይቆላም? ጌሾው ግንዱ ነው ቅጠሉ? ዕቃው ምንድን ነው? በምን ይታጠናል? ስንት ቀን ይቆያል? ወይራ እንደሚጤስበት ተናገርኩ፤ ያን ጢስ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲያ ግን ዕውቀቴ አለቀ። የአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜዬን በዚያ ቤት ውስጥ ኖሬ፣ የእናቴን ሥራ አንድ ጊዜ እንኳ አስተውዬ አላየሁም። ከአንድ ሺህ ፈረንጅ ፊት ግጥም ማንበብ ያልከበደኝ ሰው፣ ከስድስት ገበሬዎች ፊት አፈርኩ። ያፈርኩት ግን በጠላው አልነበረም።

ተውኔት ጸሐፊ መሆኔን ሲሰሙም የራሳቸውን ተውኔት አወሩልኝ። በገና ሰሞን በእንግሊዝ መንደሮች፣ በዚሁም ቤት ደጃፍ ጭምር፣ የመንደር ሰዎች የሚጫወቱት አጭር ድራማ አለ። በብዙዎቹ መንደሮች ጀግናው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ የቱርክ ፈረሰኛ ይገጥመዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ አንድ ጉረኛ ሐኪም መጥቶ የሞተውን ያስነሣዋል። ጸሐፊው አይታወቅም፤ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ነው። ተዋንያኑ አንጥረኛው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ ናቸው። አዳራሽ አያስፈልገውም፤ የመጠጥ ቤት ደጃፍ ይበቃዋል። ለሕዝብ የሚሆን ቴአትር ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ብዙ ጉባኤ ተቀምጠናል። ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ የሚቀመጥበትን ቤት ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? የጠላ ቤት አግዳሚ ላይ ያልተነገረ ተረት፣ ያልተፈተለ ቀልድ፣ ያልተዘረፈ ቅኔ የትኛው ነው? እኔ ከዚያ አግዳሚ ላይ ተነሥቼ ወደ መድረክ ስሄድ የወሰድኩት ሰካራሙን ብቻ ነበር።

* * *

እንዲህ ያለው ቤት ዘላለማዊ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ፍጹም መጠጥ ቤት አንድ መጣጥፍ ጽፎ አሥር ምልክቶች ከዘረዘረ በኋላ፣ ቤቱ በእውን እንደሌለ፣ ከአሥሩ ስምንቱን የሚያሟላ አንድ ብቻ እንደሚያውቅ ይናዘዛል። በያዝነው መቶ ዓመት በሺህ የሚቆጠሩ ፐቦች ተዘግተዋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በገበያ አዳራሽ የሚሸጠው መጠጥ ረክሷል፤ ግብርና የማሞቂያ ወጪ ከብዷል፤ ቤቱን ወደ መኖሪያነት ለውጦ መሸጥ ከመቅዳት ይልቅ ያተርፋል። ፐቡ ሲዘጋ ሱቅም ትምህርት ቤትም በሌላት መንደር ውስጥ ሰው ከሰው የሚገናኝበት የመጨረሻው ክፍል ተዘጋ ማለት ነው።

ይሁንና መንደርተኛው እጁን አጣጥፎ ያልተቀመጠበት ቦታ አለ። በሰሜን እንግሊዝ፣ በካምብሪያ ግዛት፣ ሄስኬት ኒውማርኬት በተባለች መንደር «ኦልድ ክራውን» የተባለው መጠጥ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ሊሸጥ ሲል ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ ከመቶ በላይ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዙት። የሕዝብ ቤት የሚለው ስም ያን ጊዜ በእርግጥ የሕዝብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ መንደሮች ተከትለዋል፤ በ2011 የወጣው ሕግም መንደርተኛው እንዲህ ያለውን ቤት የመንደር ሀብት ብሎ እንዲያስመዘግብና ሲሸጥ የመጫረት ጊዜ እንዲያገኝ ይፈቅዳል።

እኔ ከተመለስኩ በኋላ አልድወርዝ የሚገኘው ቤት እ.ኤ.አ. የ2019 የመላ አገሪቱ ምርጥ ፐብ ተብሎ በጠጪዎቹ ማኅበር መመረጡን ሰማሁ፤ በ1990ም ይህንኑ ክብር አግኝቶ ነበር። ብዙ ሳይቆይ፣ መጋቢት 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በወረርሽኙ ምክንያት የእንግሊዝ ፐቦች በሙሉ እንዲዘጉ ታዘዘ። ያን ዜና በራዲዮ ስሰማ በዓይኔ የመጣው ባለ አንድ እጁ ሰዓት ነው፤ በባዶ ክፍል ውስጥ ለማን ይቆጥር ይሆን አልኩ። በሐምሌ አቅራቢያ ተከፈቱ። ደወሉም ከተከፈቱት አንዱ ነው።

እንግዲህ የምትሄዱ ሂዱ። የገጠር ፐቦች ብዙ ጊዜ ሰኞ ይዘጋሉ፤ አንዳንዶቹም ከምሳ በኋላ እስከ ምሽት በራቸውን ይዘጋሉ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በእግራችሁ ድረሱ፤ ዳገቱ የምግቡ ግማሽ ነው። አስተናጋጅ አትጠብቁ። ዙራችሁ ሲደርስ አትዘግዩ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ስለ አየር ጠባይ ቢያነሣ ሥራ ፈት ነው አትበሉ፤ በሩን እየከፈተላችሁ ነው።

እኔም ወደ አገሬ በተመለስኩ በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። እናቴ ጠላ መሸጥ ከተወች ቆይታለች፤ ጋኗ ግን ከነድፉ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ስለ አልድወርዝ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ 250ው ዓመት ስነግራት «እሰይ» አለች። ደጃፍ ላይ ስለሚቆመው እንጨትና ስለ ቅጠሉ ስነግራት ሣቀች። ከዚያ ዝም ብላ ስታስብ ቆየችና፣

«ለመሆኑ ስንት ቀን ያቆዩታል?» አለችኝ።

«ከተከፈተ በኋላ ሦስት ቀን ነው፣ እማዬ።»

«እሱማ የእኔም ያው ነበር። እኔ የምጠይቅህ ከመከፈቱ በፊት ነው። ድፍድፉን ስንት ቀን ነው የሚያሳድሩት?»

አላወቅሁም። የእነሱንም፣ የእሷንም። ከቦርሳዬ ደብተርና እርሳስ አወጣሁና «አንቺ ስንት ቀን ነበር የምታሳድሪው?» ብዬ ጠየቅኋት። ወንበሯን አስጠጋች። «በመጀመሪያ ጋኑ ነው» አለች፤ «ጋኑ ካልታጠበ ሁሉም ከንቱ ነው። ጻፍ።»